«ዲኮን» ስትሉ ምን ማለታችሁ ነው?

ልጆች፣ እንደምን ከረማችሁ?

ባለፈው ቅዳሜ ቡናውን ቆልቼ ገና ሳልወቅጥ የጎረቤቴ ልጅ ስልኳን ይዛ ገባች። ጤና ነው የምትማረው። ለልምምድ አንድ ጤና ጣቢያ ተመድባ፣ እዚያ ለጽዳት ሠራተኞች ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ ማሳሰቢያ በአማርኛ እንድታዘጋጅ ታዛለች። እንግሊዝኛው እጇ ላይ አለ። አንድ ቃል ላይ ስትደርስ ግን ቀጥ ብላ ቆማለች።

«ሲስተር፣ ዲኮንታሚኔት በአማርኛ ምን ይባላል?»

«አንቺ ምን አልሽው?»

አሳየችኝ። «ደም የነካውን ወለል ወዲያውኑ ዲኮንታሚኔት ያድርጉ» ይላል። ሳቄ አመለጠኝ። እሷ ግን አልሳቀችም። «ታዲያ ምን ልበል? ‹ያጽዱ› ካልኩ አነሰ። ‹ያምክኑ› ካልኩ በዛ። ስልኬ ደግሞ ‹መርዝ ያስወግዱ› አለኝ።»

አነሰ፣ በዛ። ይህቺ አባባሏ ናት ይህን ደብዳቤ ያስጻፈችኝ። ሠላሳ ምናምን ዓመት በነርስነት ስሠራ፣ አብዛኛውን ዕድሜዬን ቀዶ ጥገና ክፍል ነው ያሳለፍኩት። በዚያ ሁሉ ጊዜ ዲኮንታሚኔት የሚለው አጥሮ «ዲኮን ሆኗል?» «አዎ ሆኗል» ሲባል በቀን አርባ ጊዜ ሰምቻለሁ። ምን ማለት እንደሆነ ግን ሁለት ሰው ብትጠይቁ ሁለት መልስ ነው የምታገኙት። ለዚህ ነው ልጅቱን ቁጭ በይ ያልኳት። እናንተም ቁጭ በሉ፣ ቡናው ይደርሳል።

መጀመሪያ የራሳችንን ቃላት እንይ፤ ብዙ ናቸው፣ አንዱም ከሌላው ጋር አንድ አይደለም።

ማጽዳት የዓይን ቃል ነው። ጸዳ የሚለውን ከግዕዙ ጸዓዳ ጋር ያዛምዱታል፤ ጸዓዳ ነጭ ማለት ነው። ስለዚህ ቤቱ ጸዳ ስትሉ ዓይናችሁ ቆሻሻ አላየም ማለታችሁ ነው። ከዚያ በላይ ምንም አላላችሁም። ቡና ስናፈላ ሲኒዎቹን እዚያችው ውሃ ውስጥ ነከር ነከር አድርገን፣ በፎጣ ወልወል አድርገን ለሚቀጥለው እንግዳ እንቀዳለን አይደል? ጸድተዋል። በቃ፣ ዓይን ረካ። (ለልጅቱ ይህን ስነግራት ረከቦቱን ዞር ብላ ስታይ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ሁለተኛውን አልጠጣችም መሰለኝ።)

ማንጻት ሌላ ነው። ከግዕዙ ነጽሐ የመጣ ነው። ይሄ ዓይን የማያየውንም ያያል። ለምጻም ተፈወሰ ለማለት ወንጌሉ «ነጻ» ነው የሚለው። ፍርድ ቤት የተከሰሰ ሰው ወንጀል የለበትም ሲባል «ነጻ ወጣ» እንላለን። ነጻነት የምንለው ትልቁ ቃል ራሱ ከዚሁ ነው፣ ከንጽሕና። ይህን መጀመሪያ ያስተዋልኩ ዕለት ገረመኝ፤ አርባ ዓመት ሙሉ በየበዓሉ ነጻነት ነጻነት ስል እጅ ከመታጠብ ጋር የሚዛመድ አልመሰለኝም ነበር።

ተቃራኒው ደግሞ ረከሰ ነው። የተቀደሰ ነገር ሲበላሽ ረከሰ፣ ገበያ ላይ ቲማቲም ዋጋው ሲወርድም ረከሰ። ሲወጣ ደግሞ ተወደደ። እስቲ አስቡት፣ የረከሰው ርካሽ፣ የተወደደው ውድ። ዋጋና ንጽሕናን አንድ ሚዛን ላይ ያስቀመጠ ቋንቋ ነው ያለን።

ጠራ አለ። ውሃ ጠራ፣ ሰማይ ጠራ። ማጣሪያ ከሱ ነው፤ «ጥሩ» የምንለው ቃልም ከሱ ነው። ጥሩ ወርቅ ሲባል «ምርጥ» ለማለት ሳይሆን ባዕድ ነገር ያልገባበት ለማለት ነው። ነጠረ ደግሞ የእሳት ነው፣ ቅቤ ይነጠራል። ኬሚስትሪ ስትማሩ ንጥረ ነገር ስትሉ የነበረው የእናቶቻችሁን የቅቤ ድስት ነው።

እኛ ጅማ የምንኖር ሰዎች ደግሞ በአንድ ቋንቋ ብቻ አናስብም። በኦሮምኛ ቁልቁሉ ማለት ንጹሕም ነው፣ ቅዱስም ነው፤ ሁለቱን የሚለይ አጥር የለውም። ሙስሊም ጎረቤቶቼ ንጽሕናውን ጦሃራ፣ ርኩሰቱን ነጃሳ ይላሉ። አንድ ጊዜ ከማዶ ያሉትን ሃጂ ውሃ ባይኖርስ ውዱእ (ከሶላት በፊት የሚታጠቡት) እንዴት ይደረጋል ብዬ ጠይቄ፣ በንጹሕ አፈር ተየሙም ይደረጋል ሲሉኝ የነርስ አእምሮዬ ትንሽ ተንገዳገደ። አፈር እጅ ላይ ቀብቶ መንጻት! ግን ገባኝ። እሳቸው ስለ ጀርም አይደለም የሚያወሩት። ቃሉ አንድ ቢመስልም ጉዳዩ ሌላ ነው። ይህን መለየት ያልቻለ የጤና ባለሙያ ታካሚውን ሳያውቅ ያስቀይማል፤ «ንጹሕ አይደሉም» ብላችሁ ለአንድ ሽማግሌ ስትነግሩ እሳቸው የሰሙት ሌላ ነገር ሊሆን ይችላል።

አሁን ወደ ማምከን ልምጣ፤ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ታሪክ አለኝ።

መከነ ማለት ፍሬ አልሰጠም ነው። መካን መሬት፣ መካን ሴት ይባላል። ሬዲዮ ላይ የስፖርት ጋዜጠኛው «ያለቀለትን ኳስ አመከነው» ሲል ትሰማላችሁ። ቦምብ ይመክናል፣ ሴራ ይመክናል። ሆስፒታል ውስጥ ደግሞ መቀስ ይመክናል፤ ማለትም በላዩ ያለው ተህዋስ ከእንግዲህ አይወልድም። ፈረንጆቹ ስቴሪላይዝ የሚሉትም ከላቲኑ ስቴሪሊስ ነው፣ እሱም መካን ማለት ነው። አንድም ቀን ተገናኝተው የማያውቁ ሁለት ሰዎች አንድ መንገድ ላይ እንደ መገናኘት ነው። ሴት በመሆኔ ይሄ ቃል ሁልጊዜ ይቆጠቁጠኝ ነበር። ሰፈር ውስጥ ስንቷን ሴት ያስለቀሰ ስድብ፣ ኦፕራሲዮን ክፍል ሲገባ ምስጋና ይሆናል።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ1977 ዓ.ም. ገና ተመርቄ ወደ አንድ ሆስፒታል ተመደብኩ። ጉጉት ብቻ ነበርኩ። አንድ ሌሊት ድንገተኛ ኦፕራሲዮን ነበረ፣ ንጋት ላይ ሌላ ታካሚ ይገባል ተባለ። ዕቃው መድረስ አለበት። እኔም ተሯሩጬ ያገለገለውን ዕቃ በውሃ ለቅለቅ አድርጌ አውቶክሌቩ (በእንፋሎት የሚያመክነው ማሽን) ውስጥ ከተትኩት። 121 ዲግሪ፣ ግፊቱ ልክ፣ ሰዓቱ ልክ፣ ደቂቃ አላጎደልኩም። በትምህርት ቤት እንደተማርኩት። ደስ ብሎኝ ድራሙን (ዕቃው የሚመክንበትን የብረት መያዣ) ተሸክሜ ወጣሁ።

የክፍሉ ኃላፊ ትልቅ ሰው ነበሩ፣ እትዬ ነበር የምንላቸው። ምንም ሳይናገሩ አንድ አርተሪ አነሱ። (አርተሪ የምንለው የደም ሥር መቆንጠጫዋን ነው፣ ለማታውቁት፤ መቀስ ትመስላለች።) እስከ መጨረሻው በረገዷት። ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠጓት። ከዚያ መርፌ አንስተው ማጠፊያዋ ጋ፣ ሁለቱ ብረት የሚተላለፍባት ስንጥቅ ውስጥ፣ ጫር ጫር አደረጉ። ነጩ ጨርቅ ላይ ቡናማ ፍርፋሪ ወደቀ። የተቆላ ቡና ገለባ ነው የሚመስለው።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«እትዬ፣ አምክኜዋለሁ እኮ!»

«መምከኑንስ መከነ እንበል። ማን አጠበው?»

መልስ አልነበረኝም። እሳቸውም አልጮኹም፤ ቢጮኹ ይሻለኝ ነበር። «የትናንቱን ሰው ደም ቀቅለሽ ለዛሬው ልታቀርቢለት ነው» አሉኝና ሙሉውን ድራም ወደ ላቫንዲኖው ገለበጡት። ንጋቱ ላይ ብሩሽ ይዤ እያንዳንዷን ማጠፊያ ስፈትግ ጣቶቼ ተላጡ። ቀጣዩ ታካሚ አንድ ሰዓት ያህል ጠበቀ።

ምክንያቱ በኋላ ነው በደንብ የገባኝ። እንፋሎት የሚገድለው የነካውን ነው። የደረቀ ደም ለተህዋስ እንደ ቆርቆሮ ጣሪያ ነው፣ ከሥሩ ያለውን ይከልለዋል። ስለዚህ «አምክኜዋለሁ» ያልኩት ራሱ ውሸት ሊሆን ይችል ነበር። እናቴ ግን ይህን ያለ ዲፕሎማ ታውቀው ነበር። የጠላ ጋን መጀመሪያ በግራዋ ይፈተጋል፣ ደጋግሞ ይታጠባል፣ ጸሐይ ይነካዋል፣ ከዚያ ነው በወይራ የሚታጠነው። ሳይታጠብ የታጠነ ጋን ቢሰጧት አፍንጫዋን አስጠግታ አንዴ ሳብ ታደርግና ትመልሰው ነበር። የወተት ዕቃም እንደዚያው ነው፤ ማንኛዋንም የጅማ ባላገር እናት ጠይቁ።

እንግዲህ ዲኮንታሚኔት የሚለው ከእነዚህ የትኛው ነው?

ቃሉን ብትፈቱት «ዲ» ማስወገድ ነው፣ «ኮንታሚኔት» ደግሞ ከላቲን ኮንታሚናሬ ነው የመጣው። ሥሩ መንካት ነው። ኮንታክት የሚለውም ከዚያው ሥር ነው። በ2012 ኮሮና የገባ ጊዜ «ንክኪ ያላቸው ሰዎች» ስንል አልነበር? እንግዲህ የላቲኑ ሰው ያየው ይሄንኑ ነው፤ መበከል ማለት መጥፎ ነገር መንካት ነው። ዲኮንታሚኔት ቃል በቃል ሲፈታ ንክኪን መፋቅ ይሆናል። መቼም የተነካን ነገር እንዳልተነካ ማድረግ አይቻልም፣ ግን ቃሉ የሚመኘው ይሄንን ነው።

የቃሉ ዕድሜ ነው እኔን ያስደነገጠኝ። ጥንታዊ ይመስለኝ ነበር። ኮንታሚኔት የቆየ ነው፤ ዲኮንታሚኔት ግን በእንግሊዝኛ ጽሑፍ ላይ ብቅ ያለው እ.ኤ.አ. በ1936 ነው፣ መጀመሪያ የተነገረውም ስለ ሆስፒታል አይደለም፣ ስለ መርዝ ጋዝ ነው።

1936 በእኛ 1928 ነው። ገባችሁ? የጣሊያን አውሮፕላኖች በሰሜን ግንባር የሰናፍጭ ጋዝ ሲያዘንቡብን የነበረበት ጊዜ ነው። ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ጃንሆይ ጄኔቭ ላይ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ቆመው ከሰማይ እንደ ዝናብ ስለሚወርደው መርዝ ተናገሩ። ጋዝ ይባላል እንጂ የሰናፍጭ ጋዝ ዘይትነት ያለው ፈሳሽ ነው። ሣር ላይ ይቀመጣል፣ አፈር ላይ ይቀመጣል፣ ልብስ ውስጥ ይገባል፣ ለቀናት አይለቅም። ሰዓታት ቆይቶ ነው ቆዳን የሚያነፍረው። የእኛ ሰው ደግሞ በአብዛኛው ባዶ እግሩን ነበር። ንክኪ ማለት ይሄ ነው። ቃሉ በእኛ ምክንያት ተፈጠረ አልላችሁም። ግን አውሮፓ በራሷ ከተሞች ላይ ይሄ ጋዝ ቢጣልስ ብላ ስትዘጋጅ፣ መንገድ የሚያጥቡና ልብስ የሚያነጹ ቡድኖች ስታደራጅ፣ ቃል ስታወጣለት፣ እኛ ዘንድ ግን ነገሩ ደርሶ ነበር፤ ቃሉም የሚያጥበውም አልነበረንም። ስለዚህ የልጅቱ ስልክ «መርዝ ያስወግዱ» ማለቱ ሙሉ በሙሉ ስህተት አልነበረም። ቃሉ የተወለደበትን ቤት ነው የተናገረው።

ለሰናፍጭ ጋዝ መሬት ላይ የሚነሰነሰው ምን መሰላችሁ? የክሎሪን ዱቄት። ማለትም የበረኪናችን የቅርብ ዘመድ። በረኪና የሚለውን ስም ደግሞ ያመጣልን ጣሊያንኛ ነው፣ ቫሬኪና። ቫሬኪና ከፈረንሳይኛው ቫሬክ የተወሰደ ነው፤ ቫሬክ የባሕር ውስጥ ሣር ነው፣ ድሮ አመዱን ሶዳ ያወጡበት ነበር። ፈረንጅ አራዳ አካባቢ ሱቅ ገብታችሁ «አንድ በረኪና» ስትሉ፣ ባሕር የሌለበት አገር ቆማችሁ የባሕር ሣር እየጠራችሁ ነው። ማኪናውም፣ ላቫጆውም፣ ጎሚስታውም ከዚያው ሰዎች ቋንቋ ነው። መርዙም ቃላቱም በአንድ ዘመን ገቡ። እኔ እንግዲህ በረኪና ስከፍት ይሄ ትዝ ይለኛል፣ ሁላችሁም ትዝ ይበላችሁ አልልም።

ስለ በረኪና ካነሳሁ አይቀር አንድ ነገር ልናገርና ልለፍ። ከሌላ ማጽጃ ጋር አትቀላቅሉት። በተለይ ከሽንት ቤት አሲድ ጋር፣ ከኮምጣጤ ጋር፣ ከአሞኒያ ጋር። «ሁለቱ ሲደባለቁ ኃይል ይጨምራል» የሚል ሰው አይጠፋም። የሚጨምረው ጋዙን ነው። በረኪና ከአሲድ ጋር ሲገናኝ የሚወጣው ክሎሪን እ.ኤ.አ. በ1915 ቤልጅየም ውስጥ ኢፕር ላይ ወታደሮች የታፈኑበት ያው ጋዝ ነው። አንዲት የሰፈራችን ልጅ ሽንት ቤት ውስጥ በሯን ዘግታ እንዲህ ቀላቅላ፣ ስታስል ስታስል ደጃፌ ድረስ መጥታለች። ተርፋለች፣ ግን አንድ ሳምንት ድምጿ አልተመለሰም።

ክሎሪን ሆስፒታል የገባበት ታሪክ ደግሞ የሚያምር ነው። ቪየና ውስጥ ዜመልቫይስ የሚባል ሐኪም ነበረ። በሚሠራበት የማዋለጃ ክፍል እናቶች በትኩሳት ያልቃሉ። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1847 ከመቶ ከ18 በላይ ሞተዋል። ሐኪሞቹና ተማሪዎቹ አስከሬን ከፍተው ሲመረምሩ ይቆዩና እጃቸውን በሳሙና ታጥበው ወደ ምጥ ክፍል ይሄዳሉ። እጃቸው ጸድቷል! ታስታውሳላችሁ፣ የዓይን ቃል። ግን ይሸታል። እሱ ይህቺን ሽታ ነው የያዘው። ሽታው ካለ የሆነ ነገር አለ ብሎ፣ ሽታውን የሚያጠፋው የክሎሪን ውሃ መሆኑን አይቶ፣ ሁሉም በሱ ይታጠብ አለ። ከዚያ ወዲያ ባሉት ወራት ሞቱ ከመቶ ወደ ሁለት ገደማ ወረደ። ጀርም የሚባል ነገር ገና ማንም አያውቅም። ሰውየውን ግን አልሰሙትም፤ እጃችሁ ገዳይ ነው መባል ለትልልቅ ሐኪሞች ስድብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1865 በአእምሮ ሕሙማን ቤት ሞተ።

አሁን የሚከብደኝን ልንገራችሁ። እኔ ራሴ ለብዙ ዓመታት ተማሪዎችን ያስተማርኩት እንዲህ ነበር፦ ያገለገለ ዕቃ መጀመሪያ 0.5 በመቶ ክሎሪን ውስጥ ለ10 ደቂቃ ይነከራል፣ ይሄ ዲኮንታሚኔሽን ይባላል፤ ቀጥሎ ይታጠባል፤ ቀጥሎ ይመክናል። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ባልዲዎቹን በቀለም ለይቼ፣ ተማሪ ቅደም ተከተሉን ቢያዛባ ተቆጥቼ። ከዚያ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው መመሪያ ያገለገለ ዕቃን ሳይታጠብ ክሎሪን ውስጥ መንከሩን አልመክርም አለ። ክሎሪን ብረቱን ይበላዋል፣ ደም ሲያገኝ ደግሞ ራሱ ክሎሪኑ ኃይሉን ያጣል። ስለዚህ መጀመሪያ ይታጠብ። ዲኮንታሚኔሽን የሚለው ቃልም ከዚያች ከመጀመሪያዋ ባልዲ ወጥቶ ሰፋ፤ መታጠቡን፣ ጀርም መግደሉን፣ ማምከኑን ሁሉ አንድ ላይ የሚይዝ ጃንጥላ ሆነ።

ይህን ሳነብ ምን እንደተሰማኝ ልደብቃችሁ? ተናደድኩ። ያንን ሁሉ ዓመት! ቀጥሎ ያቺ ቡናማ ፍርፋሪ ትዝ አለችኝ። «ማን አጠበው?» ያሉት እትዬ ከመመሪያው ቀድመው ነበር። ያኔ ገባኝ፣ ቃሉን ነበር የያዝኩት እንጂ ሥራውን አልነበረም። አንዱ «ዲኮን ሆኗል» ሲል ተነክሯል ማለቱ ነው፣ ሌላው ታጥቧል፣ ሌላው ሁሉም አልቋል። ሦስቱም እየተግባቡ ይመስላቸዋል፤ በመሃል ያለው ታካሚ ነው።

ስለዚህ እናንተ ልጆች፣ ነርስ ሁኑ፣ መሐንዲስ ሁኑ፣ ባንክ ቤት ግቡ፣ የገባችሁበት ሙያ የራሱ ትልልቅ ቃላት አሉት። አዲስ ሠራተኛ ደግሞ ቃሉን ቶሎ መልመድ ይወዳል፣ ያው እንደ አዲስ ጋውን ነው። ልበሱት፣ አልቃወምም። ግን አንድ ጊዜ ጎንበስ ብላችሁ «ይሄን ስትሉኝ እጄ ምን ይሥራ ማለታችሁ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። አላዋቂ ያስብለኛል ብላችሁ አትፍሩ። እኔ በ1977 ዓ.ም. ጠይቄ ቢሆን ጣቴ አይላጥም ነበር። ደግሞም ትልልቆቹ ሲያስተምሯችሁ ስሙ፣ ግን እኛም ተሳስተን እናስተምራለን፤ የተማራችሁበትን ዓመት አስታውሱና በየጊዜው አዲስ ነገር አለ ወይ በሉ።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፣ ከነርስነት ውጭ። ባለቤቴ ነፍሱን ይማርና የቡና ሰው ነበር። ቡና ሽታ ይስባል። ከላምባ ጋር አንድ መኪና ላይ ከጫናችሁት ላምባ ይሆናል፤ እርጥብ መሬት ላይ ካሰጣችሁት አፈር አፈር ይላል። አሁን አሁን ገበሬው ከመሬት ከፍ ባለ አልጋ ላይ የሚያሰጣው ለዚህም ነው። ቡና ቀማሽ አንድ ማንኪያ ፉት ብሎ ተፍቶ ታሪኩን ሁሉ ይነግራችኋል። በ2000 ዓ.ም. ጃፓኖች ከኛ የሄደ ቡና ላይ የተባይ ማጥፊያ ቅሪት አገኘንበት ብለው ገበያው ቀጥ ሲል፣ ባለቤቴ ያን ሰሞን እንቅልፍ አልነበረውም። ገበሬው ጫካ ውስጥ ያለ ቡናውን ምን መድኃኒት ይረጭበታል? በኋላ ጥርጣሬው ወደ ጆንያው ዞረ። ቡናው አይደለም፣ የለበሰው ልብስ ነው። ንክኪ!

ታዲያ ያን ቡና እንጠበው አይባልም። ጸሐይ ላይ ብታሰጡት፣ ብታጥኑት፣ ምንም ብታደርጉት አይወጣም። ባለቤቴ መጋዘን ገብቶ አዲስ ጆንያ ሲመጣ መጀመሪያ ፊቱን ውስጡ ከቶ ነበር የሚያሸተው፣ እንደ ሕፃን አናት። እኔ እስቅበት ነበር። ለእሱ ሥራ እኮ ዲኮንታሚኔት የሚባል ቃል የለም፤ ያለው ቀድሞ ማሽተት ነው።

ወደ ልጅቱ ማሳሰቢያ ልመለስ። ሦስተኛው እስኪቀዳ አብረን ሠራነው። ዲኮንታሚኔት የሚለውን አወጣነው። በሱ ቦታ ሌላ አንድ ቃልም አላስገባንም። እንዲህ ጻፍን፦ «ወለል ላይ ደም ሲፈስ፣ መጀመሪያ ወፍራም ጓንት አድርጉ። ደሙን በጨርቅ ወይም በወረቀት ጠርጋችሁ አንሱና የተበከለ ቆሻሻ በሚጣልበት ጣሉ። ወለሉን በውሃና በሳሙና እጠቡ። ከዚያ አንድ ጣሳ በረኪና ከዘጠኝ ጣሳ ውሃ ጋር በጥብጣችሁ ወለሉ ላይ አፍስሱና 10 ደቂቃ ጠብቁ። የተበጠበጠው ለነገ አይቀመጥም።» አንድ ለዘጠኝ ያልነው እዚህ ሱቅ ያለው በረኪና አብዛኛው አምስት በመቶ ስለሆነ ነው፤ አንድ ለዘጠኝ ሲቀጥን ግማሽ በመቶ ይመጣል። የጠርሙሱን ጀርባ ግን አንብቡ፣ ሁሉም አንድ ዓይነት አይደለም። ልጅቱ «በጣም ረዘመ» ብላ ትንሽ ተነጫነጨች። አንድ ቃል ነበር፣ አምስት ዓረፍተ ነገር ሆነ።

ሰኞ ማታ ደወለች። ለጠፈችው። ከጽዳት ሠራተኞቹ ትልቋ፣ ጤና ጣቢያው ውስጥ ሃያ ዓመት የሠሩ እናት ናቸው አለችኝ፣ ቆመው እስከ መጨረሻው አነበቡት። ከዚያ ዞር ብለው ጠየቁ።

«ልጄ፣ ጣሳው የቱ ነው? እዚህ እኮ ሦስት ዓይነት ጣሳ አለ፤ አንዱ በረኪናውን በትንሹ ለክቶ ውሃውን በትልቁ ቢለካስ?»

ስልኩ ላይ ሁለታችንም ዝም አልን። አርባ ዓመት ገደማ የኖርኩበት ሙያ ነው፣ ግን አላሰብኩትም ነበር። እሷም «ምን ልበላቸው ሲስተር?» አለችኝ። አንድ ኩባያ ፈልጊና በሲባጎ ከባልዲው እጀታ ጋር እሰሪው፣ በሱ ብቻ ይለካ፤ የብረት እንዳይሆን ግን፣ በረኪና ይበላዋል፣ ፕላስቲክ ይሁን አልኳት።